ዘበኛውን ማን አስተኛው?

“ትንፋሽሽን ያዢ እትዬ፤ ዚፑ እንቢ አለ።”

“ይዣለሁ።”

“ኧረ የታለ? ሆድሽን ወደ ውስጥ ሳቢ። ቤት መዋል ተስማምቶሻል መሰለኝ፤ ወፍረሻል እኮ!”

“ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?” አለች መብረቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታ እንደቆመች።

ሳቂታ ሳቀች። እንዲህ በትንሽ በትልቁ ስለምትስቅ ነው ሁለቱ አብረው በሠሩበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት፣ በላውንደሪው፣ የእናት አባቷ ስም ተረስቶ “ሳቂታ” ብቻ የቀረው። የዛሬው ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ዚፑ ድንገት እሺ ብሎ እስከ ማጅራት ወጣ። ረፋዱ ላይ ይህችው ዚፑን የምትዘጋው ልጅ ፍርድ ቤት ቆማ ትመሰክራለች። የመብረቅ ክስ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሷ አፍ ነው።

መብረቅም ብትሆን በቅጽል ስም ነው የምትጠራው። አንሶላ ማሽኑ ውስጥ ስትከት እጇ አይታይም ነበርና የሥራ ጓደኞቿ ያወጡላት ነው። ከዚያ እጅ አሁን የተረፈው አውራ ጣቷ ብቻ ነው። ሐኪሙ “አውራ ጣትሽን አትርፈንልሻል፤ ፈጣሪን አመስግኚ” ብሏት ነበር። አመስግናለች። ግን አውራ ጣት ብቻውን ምን ይጨብጣል? ዚፕ አይዘጋ፣ ጸጉር አያበጥር፣ ድንች አይልጥ። ስለዚህ ግቢ የምትጋራት ሳቂታ በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዷ በፊት ብቅ ትላለች፤ ታለብሳታለች፣ ታበጥራታለች፣ አንዳንዴም ያደረ ሳህን አጥባላት ትሄዳለች።

ቀለም ቀቢው የመብረቅ ባል በሌላ ቀን ቢሆን ይሄን ጊዜ ሥራው ላይ ነበር። ዛሬ ግን አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ ጥፍሩ ሥር የሰሞኑ ቀለም አልለቀቀም።

“ዛሬ ደግሞ” አለ ሳቂታን ሳያያት፣ “የምትፈቺው ነገር እንዳይኖር።”

“ተው እንጂ!” አለች መብረቅ።

“ምን አልኩ? ምንም አላልኩ።”

ሳቂታ ማበጠሪያውን አስቀምጣ “ልብሴን ልቀይር” ብላ ወጣች። ባልና ሚስትም አልተነጋገሩም። ከተነጋገሩ እንደሚጣሉ ሁለቱም ያውቁታል።

የላውንደሪው መተኮሻ ማሽን እንደ ግንድ የወፈረ የጋለ ብረት ነው፤ እየተሽከረከረ እርጥቡን አንሶላ በአንድ በኩል ይጎርሳል፣ በሌላው በኩል አድርቆ ይተፋል። አፉ ላይ አግድም የተዘረጋ ቀጭን ዘንግ አለ። ጣት ዘንጉን ከነካው ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሠራተኞቹ ይህን ዘንግ “ዘበኛው” ይሉታል። ችግሩ፣ ዘበኛው እንደ አንዳንድ ዘበኞች ባለቤትና ሌባ አይለይም። ጣትም ነካው፣ ወፍራም የአንሶላ ጠርዝም ነካው፣ ማሽኑን ገትሮት ቁጭ ነው። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ውስጥ ያለው አንሶላ ያራል። ላረረው አንሶላ ደሞዝ ይቆረጣል። አንሶላውን የሚጠብቀው የሆቴሎቹ መኪናም ደጅ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከአሮጌ አንሶላ ቀደድ ያደርጉና ዘንጉን ወደ ላይ ስበው ያስሩታል። ይህ “ዘበኛውን ማስተኛት” ይባላል። ጠዋት መብራት ከማብራት ቀጥሎ የሚሠራ ሥራ ነበር፤ ማንም አያወራበትም፣ ማንም አያፍርበትም።

ማሽኑ የመብረቅን እጅ የጎረሰ ዕለትም ዘበኛው ተኝቶ ነበር። ያስተኛችው ራሷ መብረቅ ናት። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ማሽኑን ለማጥፋት፣ ውሃ ለማምጣት፣ እሷን ለማቀፍ ሲራወጥ ሳቂታ ግን ወደ ዘንጉ ሄደች። ጨርቁን ፈትታ ኪሷ ከተተችው። “እትዬ ራሷ አስራው ነው ይሉና ያባርሯታል፤ መታከሚያም ይከለክሏታል” ብላ ነው። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ በፍቅር ያደረገችው ነው። ሆስፒታል ስትመጣም በጆሮዋ ሹክ አለቻት፦

“አታስቢ እትዬ። ፈትቼዋለሁ። ማንም አላየኝም።”

መብረቅ በትኩሳት መሃል በደህናው እጇ አንገቷን አቅፋ “አንቺን የሰጠኝ ይመስገን” አለቻት። አሁን ያንን ቃል ባስታወሰች ቁጥር ምላሷን መንከስ ያምራታል።

አደጋውን የሚያጣራ መርማሪ መጣ። ዘበኛው ቦታው ላይ ሆኖ በደንብ ሲሠራ አገኘው። “ታስሮ ነበር ወይ?” ቢላት ሳቂታ “ኧረ በጭራሽ” አለች። መብረቅንም አልጋዋ ድረስ ሄዶ ጠየቃት፤ እሷም “አልታሰረም” አለች። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ተባብረው፣ ተቃቅፈው፣ ጉድጓዳቸውን ቆፈሩ። ድርጅቱ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? “ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ጉዳቱ የመጣው በሠራተኛዋ ግድየለሽነት ነው” ብሎ፣ የሆስፒታሉን ከፍሎ፣ ደህና ሁኚ አላት። ጠበቃ ዘንድ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ጠበቃው ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ያዘ። “አሠሪው ማሰራችሁን እያወቀ ዝም ካለ ተጠያቂው እሱ ነበር እኮ! እናንተው ፈታችሁና እናንተው ነፃ አወጣችሁት” አላት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ወደ ፍርድ ቤት በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ሳቂታ መብረቅን በመስኮቱ በኩል አስቀምጣ ራሷ በመተላለፊያው በኩል ተቀመጠች። የተጎዳውን እጅ ሰው እንዳይገፋው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። የመብረቅ ባል ከፊት ቆሟል። ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ሳቂታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

“እትዬ፣ ብዋሽ ትቀየሚኛለሽ?”

መብረቅ ወደ ውጭ ማየቷን ቀጠለች።

“ትናንት ቢሮ ጠሩኝ” አለች ሳቂታ። “‘ጨርቁን ፈታሁ ካልሽ ማስረጃ አጥፍተሻል ማለት ነው፤ ለፖሊስ እንነግራለን’ አሉኝ። በቁጣ እንዳይመስልሽ። ሻይ አዘውልኝ ነው።”

“ጠጣሽው?”

“ምን ላድርግ፣ ጠጣሁት።”

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች ብቻ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። አሁን መብረቅ ሆዷ ባባ፤ ተናደደችም። “ተይው፣ አትመስክሪ” የምትለዋን ቃል ጓደኛዋ እየለመነቻት እንደሆነ ገብቷታል። ልትሰጣት አልቻለችም። ካሳውን ትፈልገዋለች። በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም፤ ሁሉም እጇን ያይና “እንደውልልሻለን” ይላል። በካሳው ትንሽ ሱቅ ከፍታ ልጇን ማስተማር፣ ባሏንም በየመሰላሉ ከመንጠልጠል አንድ ቀን ማሳረፍ አስባለች። እስካሁን ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሳቂታ ደግሞ የታመመች እናትና ሁለት ልጆች በዚያች በላውንደሪው ደሞዝ ነው የምታኖረው። መብረቅ ይህን ሁሉ እያወቀች ዝም አለች። ዝም በማለቷ ራሷን ጠላች፤ ካሳውን ግን አልጠላችውም።

ጠበቃቸው የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሲያሸንፍ ከካሳው ድርሻውን የሚወስድ፣ ሲሸነፍ በነፃ ደክሞ የሚቀር፣ ገና ወጣት ሰው ነው።

“አንቺ” አለ ለሳቂታ፣ “የምትጠየቂው ሁለት ነገር ነው። ታስሮ ነበር ወይ? አዎ። አለቆቹ ያውቁ ነበር ወይ? አዎ። አትዘባርቂ፣ አታልቅሺ፣ በተለይ አትሳቂ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወርደሽ ትቀመጫለሽ።”

“እሱን አይደለም። ከዚያ በኋላ እኔ ምን እሆናለሁ?”

ጠበቃው ሰዓቱን አየ። “አንቺ ምስክር ነሽ። ምስክር ምን ይሆናል?”

“ምስክርነት ደሞዝ አለው?” አለች ሳቂታ። ለቀልድ አስባው ነበር፤ ማንም አልሳቀላትም።

ጠበቃው መብረቅን ወደ ጥግ ወሰዳት። “አንቺ ደግሞ ካልተጠየቅሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ማሰሩ የሁሉም ልማድ ነበር፤ በዚያን ዕለት ማን እንዳሰረው አይታወቅም። መስመራችን ይኸው ነው። ‘እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ’ የሚል ነገር ከአፍሽ ከወጣ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ይሉና ካሳው ግማሹ ይሄዳል። ምናልባትም ሁሉም።”

“እውነቱ ግን...”

“እውነቱን እኔ በልኩ አወጣዋለሁ። ለዚህ አይደል የቀጠርሽኝ?”

ችሎቱ የሚሰየምባት ክፍል ጠባብ ናት። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ መሐረባቸው ከእጃቸው አይለይም። በተከሳሽ በኩል የድርጅቱ ጠበቃ ተቀምጣለች፤ እርጋታዋ የታላቅ እህት የሚመስል፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። አጠገቧ ድርጅቱን ወክሎ የመጣው ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያገላብጣል። ድሮ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነበር፤ አሁን ወፍሯል፣ ክራቫትም አስሯል። ለመብረቅ በጭንቅላቱ ሰላምታ ሰጣት። እሷም ሳታስበው አጎንብሳ መለሰችለት። የለመደ አንገት!

ሳቂታ ቃለ መሐላ ፈጸመች። የእነ መብረቅ ጠበቃ ተነሣ።

“በአደጋው ዕለት የማሽኑ መከላከያ ዘንግ ታስሮ ነበር?”

ዳኛዋ ቀና ብለው የሳቂታን መልስ ጠበቁ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ማየት ሳያቆም ጉሮሮውን ጠራረገ። መብረቅ ትንፋሿን ይዛ “ልትዋሽ ነው” አለች በሆዷ፤ “ትዋሽ፣ ምን ታድርግ” የሚል ሐሳብም አብሮ መጣባት።

“ታስሮ ነበር” አለች ሳቂታ። “ሁልጊዜም ይታሰራል። ሁሉም ያውቃል። ከአደጋው በኋላ እኔ ነኝ የፈታሁት።”

“ለምን ፈታሽው?” አሉ ዳኛዋ።

“ደግ የሠራሁ መስሎኝ።”

መብረቅ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ከኋላዋ የተቀመጠው ባሏ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማችው። ልጅቷ እንጀራዋን በገዛ እጇ ቆረጠች፤ ለማን ብላ? ለእሷ ብላ።

የድርጅቱ ጠበቃ ዝግ ብላ ተነሣች። አነጋገሯ በአንቱታ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ባላጋራ አንቱ ሲልህ ኪስህን ዳብስ።

“እህቴ፣ ለመርማሪው ዘንጉ አልታሰረም ብለው ነበር?”

“አዎ።”

“ያኔ ዋሹ ማለት ነው?”

“ዋሸሁ።”

“ታዲያ ዛሬስ የማይዋሹት ለምንድን ነው?”

ሳቂታ ትንሽ አሰበች። “ደከመኝ” አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ በእስክሪብቷቸው ጠረጴዛውን መቱ።

“ከከሳሿ ጋር ጎረቤት ነዎት። በየጠዋቱ ቤቷ ይገባሉ።”

“እጅ የላትማ! ማን ያልብሳት?”

“ገብቶኛል፤ ሲቀራረቡ ደስ ይላል። እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ዘንጉን ማሰር ማን አስተማረዎት?”

ሳቂታ ዞር ብላ መብረቅን አየቻት። መብረቅ መልሱን ታውቀዋለች። ይህች ልጅ አዲስ ገብታ፣ ማሽኑ በቆመባት ቁጥር ስታለቅስ፣ ከኋላዋ ቆማ እጇን በእጇ ይዛ “እንዲህ አዙሪው፣ እንዲህ ቋጥሪው፣ አየሽ?” ያለቻት እሷ ናት። ሳቂታም አልረሳችውም። ፊቷ ላይ ግን መብረቅ ሌላ ነገር አየች፤ ያንን የሆስፒታሉን ፊት፣ ያንን “አታስቢ እትዬ” የሚለውን ደግነት።

“ማንም አላስተማረኝ” አለች ሳቂታ። “ራሴ ነኝ የጀመርኩት።”

“ራስዎ! በአደጋው ዕለትስ ያሰረው ማን ነበር?”

“እኔ።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እኔ ነኝ አልኩ እኮ! ስንት ጊዜ ልበል?”

የድርጅቱ ጠበቃ ወደ ዳኛዋ ዞረች። “ይመዝገብልን ክብርት ዳኛ። ዘንጉን ማሰር የጀመረችው፣ በዕለቱም ያሰረችው፣ ማስረጃውንም ያጠፋችው ይህች ምስክር መሆኗን በራሷ አንደበት ነግራናለች። ድርጅቱ እሷን የመክሰስ መብቱን ይጠብቃል።” ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

መብረቅ ደንግጣ ወደ ጠበቃዋ ዞረች። ጠበቃዋ ግን ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ሹክ ሲላት ድምፁ ውስጥ ደስታ አለ።

“ሸጋ! እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሠራተኛ ለሚያጠፋው ከፋዩ አሠሪው ነው፤ አንቺ ደግሞ ንጹሕ ሆነሽ ወጣሽ። ካሳው ሙሉ ነው።”

“እሷስ?”

“ማ?”

“እሷ ናታ! ምን ትሆናለች?”

“እሷን በኋላ እናስብላታለን። አሁን አንቺ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።”

አይነቅዝም? መብረቅ ሳቂታን አየቻት። ምስክሯ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ከባድ ዕቃ ለሰው ተሸክማ እንዳደረሰች ሴት ደክሟት፣ ደግሞም ትንሽ ኮርታ። ጨርቁን ኪሷ የከተተች ዕለትም እንዲህ ሳትኮራ አልቀረችም። መብረቅም ያን ዕለት አቅፋ መርቃታለች። ዛሬም ዝም ካለች መመረቋ ነው። ቁጣዋ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። በሳቂታ ላይ አይደለም፤ በጠበቃዋም ላይ አይደለም። ዓይኗ ክራቫቱን የሚያስተካክለው ሥራ አስኪያጅ ላይ አረፈ።

እሷም አንድ ቀን አዲስ ነበረች። ያኔ የፈረቃ ተቆጣጣሪ የነበረው ይኸው ሰውዬ፣ ማሽኑ ሲቆምባት አይቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና አሮጌ አንሶላ በጥርሱ ቀደደ። ዘንጉን ወደ ላይ ስቦ እየቋጠረ “ዘበኛ ካልተኛ ቤት አይሞላም፤ ልብ ብለሽ እዪ፣ ሁለተኛ አላሳይሽም” አላት። ልብ ብላ አየች። ማንም ያየላት የለም፤ አብረዋት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ለቀው ሄደዋል፤ እሱም ይክዳታል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሱቁንም፣ የባሏን መሰላልም አሰበች። ከዚያ ተነሣች።

“ቁጭ በይ” አለ ጠበቃዋ በጥርሱ መሃል። “ምን ልትሆኚ ነው? ቁጭ በይ!”

“ክብርት ዳኛ” አለች መብረቅ። “ውሸቷን ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔን ማን እንዳስተማረኝ ደግሞ ጠይቁኝ።”

ጠበቃዋ እስክሪብቶውን ፋይሉ ላይ ወረወረው። የድርጅቱ ጠበቃ አቀርቅራ በፍጥነት ጻፈች፤ ለእሷ የመጀመሪያው ግማሽ ይበቃታል። ሳቂታ “እትዬ፣ ምን አደረግሽ!” ብላ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠ።

“ሴትዮ፣ ተራዎ አይደለም” አሉ ዳኛዋ መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው አንሥተው። “ይቀመጡ።”

ባሏ ከኋላ ቀሚሷን ይዞ በቀስታ ወደ ታች ሳባት። ዳኛዋ “ይቀመጡ ብያለሁ” ብለው ደገሙ።

መብረቅ አልተቀመጠችም።